ሞተሩ «ከዚህ በፊት አይደለም» ይላል እንጂ «በዚህ ዓመት ነው» አይልም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። የድሮ ፎቶ ላይ ያለን ሞተር ሳይክል አይቶ፣ ፎቶው የተነሳበትን ዓመት በአምስት ደቂቃ ማወቅ ይቻላል ይላል። ዶቅዶቄ እንደምወድ የሚያውቅ ሁሉ ልኮልኛል። ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ቀልድ አለው፤ አይሰለችም። ችግሩ፣ ሰው በዚህ መመሪያ የአባቱንና የአያቱን ፎቶ እየገለበጠ ጀርባው ላይ ዓመት መጻፍ መጀመሩ ነው። አንዴ በእስክሪብቶ ከተጻፈ ደግሞ ልጆቹ እንደ ማስረጃ ይይዙታል። ስለዚህ መልስ ያስፈልገዋል ብዬ አሰብኩ።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ የፊት ጎማውን የያዘውን ሹካ እዩ ይላል፤ ሞላው በውጭ የሚታይ የብረት ሹካ ከሆነ ፎቶው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ነው፣ ሁለት ወፍራም ቱቦ ከሆነ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ነው። ከኋላ ሾክ ካለውማ 1950ዎቹ ነው፣ አለቀ። ሁለተኛ፣ ሰልባቲዮው (የነዳጅ ታንኩ) ላይ የተጻፈውን ስም ያነበበ ሞተሩን አወቀ። ሦስተኛ፣ ሁለት ሲሊንደሩን ግራና ቀኝ የዘረጋ ባለሳይድካር (ከጎኑ ጋሪ የታሰረበት) ሞተር የጀርመን ቢኤምደብሊው ነው፤ ስለዚህ ፎቶው የጦርነት ዘመን ፎቶ ነው። አራተኛ፣ ታርጋ ወይም ከጀርባው የተጻፈ ዓመት ካለ ክርክር የለም። አምስተኛ፣ አገራችን ውስጥ የተነሳ የቆየ የሞተር ፎቶ ባብዛኛው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ስድስተኛ፣ ፎቶው ከደበዘዘ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያ አጥሩት፣ ቀለምም ስጡት፤ የጠፋው ዝርዝር ይወጣል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ «ዓ.ም.» ብዬ ካልጻፍኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ይህን ማሳሰቢያ ለወግ ያህል ብቻ አላስገባሁትም፤ ወደ ኋላ ራሱን የቻለ ጣጣ ሆኖ ይመጣል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን ስድስቱንም ነጥቦች የሚያበላሸውን አንድ ነገር ልናገር። ሞተር ሳይክል የተሠራበት ዓመት አለው። ፎቶም የተነሳበት ዓመት አለው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1938 የተሠራ ሞተር በ1938ም በ1958ም ፎቶ ሊነሳ ይችላል። በ1958 የተሠራ ሞተር ግን በ1938 ፎቶ ሊነሳ አይችልም። ሞተሩ የሚሰጠን እንግዲህ የታችኛውን ወሰን ብቻ ነው፤ «ከዚህ በፊት አይደለም» ይላል። የላይኛውን ወሰን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለብን። ወሰኑን የሚወስነው ደግሞ ፎቶው ላይ ካለው ሁሉ አዲሱ ዕቃ ነው። የሞተሩ ሻንሲ የ1930 ሊሆን ይችላል፤ የፊት መብራቱ የ1949 ከሆነ ፎቶው ከ1949 በፊት አይደለም። ጽሑፉ የሚሄደው በተቃራኒው ነው። አሮጌ የሚመስለውን ነገር ይፈልግና ዓመቱን በሱ ይቆርጣል። ሞተር እየተበየደ፣ እየተቀባ፣ መለዋወጫ እየተፈለገለት ሃያና ሠላሳ ዓመት በሚነዳበት አገር ይህ አካሄድ ብዙ ያሳስታል።

የሹካው ነገር

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ጽሑፉ የቆመው በዚህ ነጥብ ነውና።

በመስማማት ልጀምር። ፎቶ ሲደርሰኝ እኔም መጀመሪያ የማየው ሹካውን ነው። ትልቅ ነው፣ ፊት ለፊት ነው፣ በደበዘዘ ፎቶ ላይ እንኳ ይለያል። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ከጦርነቱ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት በብዛት ወደ ቱቦ ሹካ መዞራቸውም እውነት ነው። ጸሐፊው ይህን ያዩት ትክክል አይተዋል። የተሳሳቱት ጦርነቱን እንደ አጥር መቁጠራቸው ላይ ነው።

ከአጥሩ ወዲያ ምን ነበር? የዴንማርኩ ኒምቡስ በ1934 ቱቦ ሹካ ይዞ ወጥቷል። ቢኤምደብሊው በ1935 አር 12 እና አር 17 የተባሉትን ሞተሮች ሲያወጣ በዘይት የሚሠራውን ቱቦ ሹካ ለገበያ አቅርቧል። ጦርነቱ ሊጀመር ገና አራት ዓመት ይቀረው ነበር። እንግሊዛዊው ስኮትማ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት እንኳ የሚንሸራተት ሹካ ነበረው፤ አሠራሩ ከኋለኞቹ ቢለይም፣ በደበዘዘ ፎቶ ላይ ላላወቀው ሰው ያደናግራል። ማችለስ ጂ3 ኤል ደግሞ ከ1941 ጀምሮ፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ሰዓት፣ በቱቦ ሹካ ለእንግሊዝ ጦር ሲሠራ ነበር።

ከአጥሩ ወዲህስ? ቢኤስኤ ኤም 20 እስከ 1948 ድረስ በውጭ ሞላ ሹካ ተሠርቷል። ሃርሊ ዳቪድሰን ትልልቆቹ ሞተሮቹ ላይ ቱቦ ሹካ ያስገባው በ1949 ነው፤ «ሃይድራ ግላይድ» የሚለው ስምም የመጣው ከዚያ ነው። ኢንዲያን ቺፍ ላይ የገባው በ1950 ነው። በ1946 የወጣው ቪንሰንት ራፒድ በዘመኑ ከነበሩት እጅግ ፈጣን ሞተሮች አንዱ ሆኖ ሳለ ሹካው ያው የድሮው ዓይነት፣ ሞላው ውጭ የሚታይ ነበር። የጣሊያኑ ሞቶ ጉዚ ሱፐር አልቼ ይባስ፤ ከ1946 እስከ 1957 በዚያው ሹካ ተሠርቷል። ለጦርና ለፖሊስ የሚሠራ ሞተር ስለነበር ፋሽን አያሳስበውም።

ከ1934 እስከ 1957 ሁለቱም ዓይነት ሹካ ከፋብሪካ አዲስ እየወጣ ነበር ማለት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ። ሰው ብዙ የቤተሰብ ፎቶ ያለው ደግሞ በትክክል ከነዚያ ዓመታት ነው። መመሪያው የሚበላሸው በጣም በሚያስፈልገን ቦታ ላይ ነው።

ከኋላ ሾክ ካለው 1950ዎቹ ነው የሚለውም አያስኬድም። ኢንዲያን በ1913 ከኋላ ሞላ ያለው ሞተር ይሸጥ ነበር። ሞቶ ጉዚ በ1928 የኋላ ጎማው በሞላ የሚተነፍስ ሞተር አውጥቷል፤ ጁዜፔ ጉዚ በዚያው ዓመት እስከ ኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ ድረስ ነድቶታል። ለጣሊያን ጦር የተሠራው ጂ.ቲ. 17 የዚህ ተወላጅ ነው። እንግዲህ በጽሑፉ ሕግ ብንሄድ፣ በ1936 አዲስ አበባ የገባ ወታደር የነዳው ሞተር የኋላ ሞላው ታይቶ «የ1950ዎቹ» ሊባል ነው።

ታዲያ ሹካው ምን ይጠቅማል? ብዙ ይጠቅማል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ዘመናዊው ቱቦ ሹካ ካለ ከ1930ዎቹ አጋማሽ በፊት አይደለም። የውጭ ሞላ ሹካ ካለ ግን ስለ ላይኛው ወሰን ምንም አልተነገረንም። ከዚያ ወደ ሌላው ዕቃ እንሂድ። ሰልባቲዮው ከላይኛው የሻንሲ ቧንቧ ሥር ገብቶ፣ ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ሳጥን መስሎ ከታየ ሞተሩ የ1920ዎቹ ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በ1928 እና 29 አካባቢ አብዛኞቹ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ሰልባቲዮውን እንደ ኮርቻ ቧንቧው ላይ አስቀመጡት። የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ካቴና ሳይሆን የቆዳ ቀበቶ ከሆነ ደግሞ ከ1920ዎቹ አጋማሽ ብዙ አይዘልም። መብራቱ ካርባይድ የሚነድበት፣ ከጎኑ የጎማ ቱቦ የወጣለት ከሆነም እንደዚያው።

ማርሹስ? ከሰልባቲዮው ጎን የቆመ የእጅ ማርሽ ያየ ሁሉ «በጣም የድሮ» ይላል። ቬሎሴት በ1928 በእግር የሚገባውን፣ ተገፍቶ ወደ ቦታው የሚመለሰውን ማርሽ አመጣ፤ እንግሊዞቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት። ሃርሊ ግን ትልልቆቹ ላይ የእግር ማርሽ ያቀረበው በ1952 ነው። ያም ቢሆን የእጁን ማርሽ የሚፈልግ ደንበኛ አላጣም፤ የአሜሪካ ፖሊስ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ነድቶታል። አንድን ዕቃ ከማየት በፊት የየትኛው አገር ሞተር እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው። የእንግሊዝ የጊዜ ሰሌዳ ለአሜሪካ አይሠራም፤ የአሜሪካውም ለጣሊያን አይሠራም።

ስሙን ማንበብ

ሰልባቲዮ ላይ ስም ካለ ደስ ይላል። ግን ሰልባቲዮ በብሎን የታሰረ ዕቃ ነው። ይፈታል፣ ይቀየራል፣ ይቀባል። የጦር ሞተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ስም የለውም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር ሞተሮች ሰልባቲዮ ላይ የሚታየው ከላቲኑ «ሲ» ፊደል የሚጀምር ነጭ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ካለ፣ ከስም ይልቅ እሱ ብዙ ያወራል።

ስሙ ትክክል ሆኖ ሳለ የሚያሳስትበትም ጊዜ አለ። ኤጄኤስ እና ማችለስ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የአንድ ባለቤት ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ባለአንድ ሲሊንደር ሞተሮቻቸው፣ ከዓርማው በቀር፣ መንትያ ናቸው ማለት ይቻላል። ፎቶ ላይ የሚለያቸው አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ ብልጭታ የሚሰጠው ማግኔቶ በኤጄኤስ ከሲሊንደሩ ፊት፣ በማችለስ ከሲሊንደሩ ኋላ ነው። ይህም እስከ 1952 ብቻ ይሠራል፤ ከዚያ አንድ ሆኑ። ሰልባቲዮው ተቀያይሮ እንደሆነ ማወቂያው ይህ ነው፤ ስሙ ግን አይነግራችሁም።

የዚህ ነጥብ ትልቁ ምሳሌ ግን ዲኬደብሊው አርቲ 125 ነው። ጀርመን ውስጥ በ1939 የወጣች ትንሽ ሞተር ናት። ጦርነቱ ሲያበቃ ንድፏን አሸናፊዎቹ ወሰዱት። እንግሊዝ ውስጥ ቢኤስኤ ባንታም ሆነች። አሜሪካ ውስጥ ሃርሊ አንዲት ትንሽ ባለ 125 ሞተር አደረጋት። ሶቪየት ውስጥ የሚንስክ ሞተሮች እናት ሆነች። በምሥራቅ ጀርመን በዚያው በትውልድ ቦታዋ ቀጠለች። ያማሃ በ1955 የሠራት የመጀመሪያ ሞተርም የእሷው ቅጂ ናት። ከጎን የተነሳ ደብዛዛ ፎቶ ላይ እነዚህን ሁሉ «አንድ ሞተር ናቸው» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ዓመታቸውና አገራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ሮያል ኢንፊልድ ቡሌትን ደግሞ አንርሳ። ከ1955 ጀምሮ ሕንድ፣ ማድራስ ውስጥ መሠራት የጀመረው ሞተር ለአሥርተ ዓመታት መልኩን ብዙም አልለወጠም። ከሩቅ ከተነሳ የ1960 ነው ወይስ የ1990 የሚለውን ስሙ አይነግራችሁም። እዚህ ጋ የወረቀቱ ዓይነት፣ ከኋላ የቆመው መኪና፣ የመንገዱ መብራት ከሞተሩ የተሻለ ይመሰክራሉ። ሰው ከለበሰው ልብስ ተነሱ የሚለውን የጸሐፊውን አጭር ምክር እዚህ ጋ በደስታ እቀበላለሁ። ብቻ ከሞተር የባሰ ዕድሜ ያለው ካፖርት እንዳለም አትርሱ።

ሳይድካር ሁሉ ቢኤምደብሊው አይደለም

ይሄኛው ስህተት በጣም የተለመደ ነው። ሁለት ሲሊንደር ግራና ቀኝ፣ ከጎን ጋሪ፣ ከዚያ «የናዚ ሞተር» ይባላል።

ሶቪየቶች የቢኤምደብሊውን አር 71 ንድፍ ወስደው ከ1941 ጀምሮ ኤም 72 ብለው ሠሩት። ከጦርነቱ በኋላም መሥራት አላቆሙም፤ ኡራልና ድኒፐር የሚባሉት የዚያ ዘር ናቸው። ቻይናም በ1957 ቻንግጂያንግ 750 ብላ የራሷን ጀመረች። ሃርሊ ራሱ በ1942 ለአሜሪካ ጦር ኤክስኤ የተባለ፣ ቢኤምደብሊውን የተከተለ ሞተር ሠርቷል፤ አንድ ሺህ ያህል ብቻ። ጀርመን ውስጥም ቢሆን ዙንዳፕ ኬኤስ 750 ነበር። ስለዚህ «ቅርጹ ይህ ከሆነ ጀርመን ነው፣ ጀርመን ከሆነ 1940ዎቹ ነው» የሚለው ሰንሰለት ሁለት ቦታ ላይ ይበጠሳል።

መለያው አስቸጋሪ አይደለም። የጦርነቱ ቢኤምደብሊው አር 75 የሲሊንደሩ ጫፍ ላይ የቫልቭ ክዳን ጉብ ብሎ ይታያል፣ የኋላ ጎማውም ሞላ የለውም። ኤም 72 ቫልቮቹ ከጎን ስለሆኑ የሲሊንደሩ ጫፍ ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ የኋላ ጎማው ግራና ቀኝ ደግሞ ቆመው የሚታዩ ሁለት አጫጭር የሞላ ቱቦዎች አሉ። ይህን ሁለት ነገር ብቻ ያየ ሰው፣ የ1960ዎቹን የሶቪየት ሞተር የሂትለር ጦር ላይ አይለጥፍም።

ጽሑፉ እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ነገር ነክቶ አልፏል። ጋሪው በየት በኩል እንደታሰረ እዩ ይላል፤ በቀኝ በሚነዳበት አገር በቀኝ፣ በግራ በሚነዳበት በግራ ይታሰራል። ሐሳቡ ደርዝ አለው። ግን ጋሪው የሚነግረን ሞተሩ ለየትኛው አገር እንደተሠራ ነው፣ የት ፎቶ እንደተነሳ አይደለም። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ አነዳድ የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከአውሮፓ የመጣ ባለቀኝ ጋሪ ሞተር ጋሪው አልወለቀም፣ ወደ ግራም አልዞረም። መንገዱ በግራ፣ ጋሪው በቀኝ ሆኖ ቢታይ አይገርምም።

ሌላም አለ። ጋሪው በተቃራኒ በኩል ከታየ፣ ፎቶው ራሱ ተገልብጦ ታትሞ ሊሆን ይችላል። ኔጋቲቭ በተሳሳተ ጎኑ ሲገባ ቀኝ ግራ ይሆናል፤ ጽሑፍ የሌለበት ፎቶ ከሆነ ማንም ልብ አይልም። እዚህ ሞተሩ ምርጥ ዳኛ ነው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሞተር በእግር ማስነሻው በቀኝ ነው። የቢኤምደብሊው የኋላ ጎማ ማዞሪያ ዘንግ በቀኝ ነው። የሞቶ ጉዚ ውጭ የሚታየው ትልቁ ቮላኖ፣ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ከባድ የብረት ጎማ፣ በግራ ነው። ተገላብጦ ካያችሁት ፎቶውን አዙሩት። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ ቀድሞ ያነሳናት ባንታም የዲኬደብሊው የመስታወት ምስል ሆና ነው የተሠራችው፣ ማርሹ ለእንግሊዞች ልማድ ወደ ቀኝ እንዲመጣ። የተገለበጠ የዲኬደብሊው ፎቶ ባንታም ይመስላል። ይህን ሳውቅ ስቄያለሁ።

ከጀርባው የተጻፈው ዓመት

«ጀርባው ላይ ተጽፎ ካለ ክርክር የለም» የሚለው ነጥብ ለሌላ አገር ሰው ቢነገር ግማሽ እውነት ይሆን ነበር። ለእኛ ግን ክርክሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ከፎቶ ጀርባ «1936» ተብሎ ተጽፏል እንበል። በማን አቆጣጠር? በፈረንጆቹ ከሆነ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው። በእኛ ከሆነ ከመስከረም 1943 እስከ ጳጉሜን 1944 ነው፤ ጣሊያን ከወጣ፣ ንጉሡም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተመለሱ በኋላ። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ አገሮች። የጣሊያን ወታደር የጻፈው ከሆነ ሦስተኛ አቆጣጠርም አለ። ፋሺስቶች ከጥቅምት 1922 ጀምሮ የራሳቸውን ዓመት በሮማውያን ቁጥር ይቆጥሩ ነበር። «ዓመት አሥራ አራት» ከጥቅምት 1935 እስከ ጥቅምት 1936 ያለው ነው።

እዚህ ነው ሞተሩ የሚያስፈልገው። ያ «1936» የተጻፈበት ፎቶ ላይ ያለው ማችለስ ጂ3 ኤል ከሆነ፣ ሞተሩ ከ1941 በፊት አልነበረምና፣ ቁጥሩ ዓመተ ምሕረት ነው። ሞቶ ጉዚ አልቼ ከሆነም እንደዚያው፤ አልቼ መሠራት የጀመረው በ1939 ነው። ጂ.ቲ. 17 ከሆነ ግን ይህ ከ1932 እስከ 1939 የተሠራ ሞተር ስለሆነ ሁለቱም ንባብ ይሆናል፣ ሌላ ማስረጃ ፈልጉ። ከጽሑፉ ጋር የምለያይበት ዋናው ቦታ ይህ ነው። ቁጥሩ ሞተሩን አይፈርድም፤ ሞተሩ ነው ቁጥሩን የሚፈርደው። ያም ባይሆን የትኛው አቆጣጠር የማይቻል እንደሆነ ይነግረናል።

ታርጋም ቢሆን ሞተሩ የተመዘገበበትን እንጂ ፎቶው የተነሳበትን አይናገርም። የእንግሊዝ የድሮ ታርጋ ፊደሎች የሚያሳዩት የተመዘገበበትን አውራጃ ነው፤ ዓመትን የሚያሳይ ፊደል የመጣው በ1963 ነው። ሞተሩ አሥር ዓመት ከተነዳ በኋላም ታርጋው ያው ነው። አንዳንድ ፎቶ ዳር ላይ የሚታተመው ወርና ዓመት ደግሞ ፊልሙ የታጠበበት ነው። ፊልም ካሜራ ውስጥ ሁለት ገና ይከርማል።

አገራችን ውስጥ የተነሳ ሁሉ የጣሊያን ዘመን ነው ወይ?

ጸሐፊው ከጽሑፋቸው ጋር ያወጡት ፎቶ ራሱ መልስ ይሰጣል። መግለጫው «አዲስ አበባ፣ 1929 ዓ.ም.» ይላል። ፎቶው ላይ ያለችው ግን ቬስፓ ናት። መብራቷ ከፊት ፓራፋንጎዋ ላይ ተቀምጧል፣ የእግር መከለያዋም በግልጽ ይታያል። ቬስፓ ፒያጆ ኩባንያ ፖንቴዴራ ውስጥ፣ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ በተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ ንድፍ የሠራት፣ በ1946 ለገበያ የወጣች ናት። 1929 ዓ.ም. ከመስከረም 1936 እስከ ጳጉሜን 1937 ነው። ቬስፓ ልትወለድ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይቀራታል። ላምብሬታም ብትሆን የ1947 ናት። በጣሊያን ዘመን ቬስፓ ነበረ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ክርክር አያስፈልግም።

በጎኑ ግን ከዚህ ፎቶ የሚጠቅመን ነገር አለ። መብራት ፓራፋንጎ ላይ ያለባት ቬስፓ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራ ናት። በ1950ዎቹ ውስጥ መብራቱ ወደ መሪው ወጣ። ፎቶው እንግዲህ ከ1938 ዓ.ም. በፊት ሊሆን አይችልም። ምናልባት የ1940ዎቹ ዓ.ም. ፎቶ ነው፣ ያንን ግን ቬስፓዋ ብቻዋን አታረጋግጥልንም።

ጽሑፉ የጣሊያን ጦር ሞተር ሁሉ ሞቶ ጉዚ እንደሆነ አድርጎ ይጽፋል። ጉዚ ብዙ መሆኑ ልክ ነው፤ ሲሊንደሩ ወደ ፊት ተኝቶ፣ ቮላኖው ውጭ ወጥቶ ስለሚታይ ለመለየትም ቀላል ነው። ግን ጊሌራ፣ ቢያንኪ፣ ቤኔሊ እና ሴርቱምም ለዚያ ጦር ሞተር ሠርተዋል። የእነዚህ ሲሊንደር ቆሞ ስለሚታይ፣ የሚያውቅ እንኳ በችኮላ እንግሊዛዊ ነው ሊል ይችላል። እንግሊዞቹ በበኩላቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያሰለፏቸው ቢኤስኤ ኤም 20፣ ኖርተን 16 ኤች እና ማችለስ ነበሩ። ቢኤስኤ ብቻውን ከ120 ሺህ በላይ ኤም 20 ሠርቷል። ከጦርነቱ በኋላ ያ ሁሉ ብረት የትም አልጠፋም። ተሸጠ፣ ተቀባ፣ ሲቪል ሆነ። የጦር ሞተር የሚነዳ ሰላማዊ ሰው ፎቶ ያየ፣ የጦርነት ፎቶ አየሁ ማለት የለበትም።

መተግበሪያው

ይሄ አጭር ነው። ፎቶ የሚያጠራ መተግበሪያ የጠፋውን አይመልስም፤ የሚመስለውን ይስላል። የጎማ ሽቦ ይጨምራል፣ ሰልባቲዮው ላይ የትም አገር የሌለ ፊደል ይጽፋል፣ የውጭ ሞላ ሹካን አለስልሶ ቱቦ ያደርጋል። እኛ የምንፈልገው ዝርዝር በትክክል እሱ የሚገምተው ዝርዝር ነው። ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ ያምራል። ለማስረጃ ግን ያልተነካውን ተጠቀሙ።

ቀለሙም እንደዚያው። በ1920ዎቹ እና ከዚያ በፊት የነበረው አብዛኛው ፊልም ቀይ ብርሃን አያይም ነበር። ቀይ ነገር ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሰማያዊ ይነጣል። ታዋቂው ቀይ ኢንዲያን በዚያ ፊልም ጥቁር ሞተር ነው። መተግበሪያው ጥቁር ያየውን ጥቁር ይቀባዋል፣ ከዚያ ሰው «ጥቁር ኢንዲያን ነበረን» ይላል።

የጠራ ነገር ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ወረቀቱን ከፍ ባለ ጥራት ስካን ማድረግ ነው። በስልክ ከአልበም ላይ ፎቶ ማንሳት አይበቃም፤ የፕላስቲኩ ነጸብራቅ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ሞተሩ ላይ ነው። ዳርና ዳሩን አትቁረጡ። የሞተሩ የፊት ጎማ ጫፍ፣ ከኋላ የቆመው የሱቅ ሰሌዳ፣ ዳር ላይ የታተመችው ትንሽ ቁጥር፤ ብዙ ጊዜ ተቆርጠው የሚጣሉት እነዚህ ናቸው። ጀርባውንም ስካን አድርጉ፣ ባዶ ቢሆንም፤ የወረቀቱ ማኅተም አንዳንዴ እዚያ ነው ያለው። ዓመት መጻፍ ካለባችሁ በእርሳስ ጻፉ፣ «ከ1939 በኋላ» ብላችሁ፣ የማን አቆጣጠር እንደሆነም ጨምሩ።